ካሜራው ያልገባበት አውቶቡስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። ጉዳዩም የፕሮፌሽናል ብስክሌት ቡድኖችን ጓዳ እናሳያለን የሚሉ ዘጋቢ ፊልሞች በስፖርቱ ወዳጆች መካከል ያስነሡት ክርክር ነው። ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ በሆነበት በድሬዳዋ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ መነሣቱ አያስገርምም። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን አቅርበናቸዋል። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረውም ከዚራ ነው። ብስክሌት የዕድሜ ልክ ወዳጄ ነው፤ በየቀኑ አንድ አሸናፊ ያለውን የብዙ ቀን የፈረንሳይ ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስንም፣ በቴሌቪዥን በተገኘ ቁጥር ሳልከታተለው ያለፈበት ጊዜ የለም። በቅርቡ የልጄ ባል ኔትፍሊክስ የሠራውን ተከታታይ ፊልም አሳየኝ። እርሱ ከዚያ በፊት ስለ ውድድሩ ምንም የማያውቅ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ስለ ማሊያዎቹ ቀለም ሳይቀር ሊያስተምረኝ ይዳዳዋል። እኔ ፊልሙን እስከ መጨረሻ ለማየት ትዕግሥት አጣሁ። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ደጋግመው ያብራራሉ፤ ጠብ የሌለበትን ቦታ የጠብ ሜዳ ያስመስሉታል፤ ፖጋቻርን የመሰለ ጋላቢ ደግሞ እንደ ባዕድ ከሩቅ ብቻ ይታያል። የምናየው እውነት ነው? ወይስ እኛ የቆየነው ተመልካቾች ምቀኞች ሆነን ነው?

መልስ፦ ምቀኝነት ነው አንልም። ይሁን እንጂ ለብዙ ጊዜ የጥቂቶች ሆኖ የቆየ ነገር በአንድ ጀንበር የሁሉም ሲሆን የቀደሙት ወዳጆቹ ቅር መሰኘታቸው አይቀርም። ፊልሙ በወጣ ጊዜ በአውሮፓ ያሉ የብስክሌት ወዳጆችም የተከፈሉት ልክ እርስዎና አማችዎ እንደ ተለያያችሁት ነው፤ አዲሶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ገባን ሲሉ፣ የቆዩት ደግሞ የምናውቀውን ውድድር አበላሹብን አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያዩት ተከታታይ «ቱር ደ ፍራንስ፦ አንቼይንድ» የተባለው ሲሆን፣ የ2022ቱን ውድድር የሚተርከው የመጀመሪያው ምዕራፍ በስምንት ክፍሎች ተዘጋጅቶ በ2023 ሰኔ ላይ ቀረበ። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2024፣ የመጨረሻ የሆነው ሦስተኛው ደግሞ በ2025 ተከተሉ። አዘጋጆቹ ከ2019 ጀምሮ ስለ ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ተመሳሳይ ተከታታይ እየሠሩ ብዙ አዲስ ተመልካች ያፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ብስክሌት ሲመጡም ያንኑ የአሠራር ስልት ይዘው ነው የመጡት። እንግዲህ ፊልሙ ከመነሻው የታሰበው ለእርስዎ ሳይሆን ለአማችዎ ነው። ከሌላው ጋላቢ ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ነፋሱን ስለማይጋፈጥ ጉልበቱን እንደሚቆጥብ እርስዎ ገና በልጅነትዎ በእግርዎ አውቀውታል፤ ያንን ለማያውቅ ሰው ግን አንድ ጠንካራ ጋላቢ ቀኑን ሙሉ ከፊት ሆኖ ነፋስ እየጋረደ ሌላው የሚያሸንፍበት ምክንያት ምሥጢር ነው። ማብራሪያው ተደጋገመ የሚለውን ቅሬታ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ እኛ ብዙ ክብደት አንሰጠውም።

ስለ ፖጋቻር ያነሡት ግን የጉዳዩ እምብርት ነው። በ2022 ውድድሩን የጀመሩት 22 ቡድኖች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለመቀረጽ የተስማሙት ስምንት ብቻ ነበሩ። ታዴ ፖጋቻር የሚጋልብለት ዩኤኢ ቲም ኤምሬትስ ከተስማሙት ውስጥ አልነበረም። በዚህም ምክንያት በ2020ና በ2021 አከታትሎ ያሸነፈው፣ በዚያም ዓመት ጠቅላላ መሪው የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ የማስጠበቅ ኃላፊነት ይዞ ወደ ውድድሩ የገባው ሰው፣ በፊልሙ ውስጥ ድምፅ የሌለው ተቀናቃኝ ሆኖ ቀረ። የዚያ ዓመት አሸናፊ የሆነውን የዮናስ ቪንጌጎርን ቡድን ስብሰባ እንሰማለን፤ የአሠልጣኞቹን ጭንቀት እናያለን፤ በፖጋቻር ቡድን አውቶቡስ ውስጥ ግን ያን ማታ ምን እንደ ተባለ የሚነግረን የለም። ሐምሌ 13 ቀን 2022 በኮል ዱ ግራኖን ዳገት ላይ ፖጋቻር ከቪንጌጎር 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ወደ ኋላ ሲቀር የሆነውን ሁሉ የምንረዳው ካሸናፊው ወገን ነው። የቪንጌጎር ቡድን ባልደረባ የሆነው ፕሪሞዥ ሮግሊች ገና ከግራኖን በፊት በነበሩት ዳገቶች ላይ እየተፈናጠረ ፖጋቻርን ማድከሙን ውድድሩን በቀጥታ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ፖጋቻር ራሱ በዚያ ሰዓት ምን እያሰበ ለእያንዳንዱ ጥቃት መልስ እንደ ሰጠ ግን የስፖርቱ ወዳጅ አጥብቆ የሚፈልገው ታሪክ ሆኖ ሳለ ፊልሙ ሊሰጠው አልቻለም። ፊልሙ ዋሸ ማለታችን አይደለም። በር የከፈተለትን ቤት ብቻ አይቶ የመንደሩን ታሪክ የጻፈ ሰው ዓይነት ጉድለት ነው ያለበት፤ ተመልካቹም ይህን አውቆ ቢያየው ይሻለዋል።

ወደ ጠቡ ስንመጣ ቅሬታዎ በቂ ምክንያት አለው። ከቀረቡት ጋላቢዎች አንዱ የሆነው ቤልጅየማዊው ዋውት ፋን አርት፣ ፊልሙ በግርግርና በቅራኔ ላይ ማተኮሩን በአደባባይ ነቅፏል። በፊልሙ አቀራረብ ፋን አርት የራሱን ድል የሚያሳድድ፣ ቪንጌጎር ደግሞ ድጋፍ ያጣ መሪ መስለው ይታያሉ። እስቲ ይህን ከውድድሩ ራሱ ጋር እናስተያየው። ሐምሌ 21 ቀን ወደ ኦታካም ተራራ በተደረገው ግልቢያ ፋን አርት ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ጋላቢ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ፣ ከሌሎቹ አስቀድመው ካመለጡት ጋላቢዎች ጋር ወጣ፤ ከኋላ የመጡት መሪዎች ሲደርሱበትም በመጨረሻው ዳገት ላይ ለቪንጌጎር እየመራ ፖጋቻርን ያስቀረው እርሱ ነበር። ቪንጌጎር ያን ቀን አሸነፈ፤ ጠቅላላ ውድድሩንም በ2 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ልዩነት አሸንፎ ጨረሰ። ሁለት ሰዎች አንድ ቡድን ውስጥ ሆነው የተለያየ ፍላጎት ሊኖራቸው ይችላል፤ በብስክሌት ዓለም ደግሞ ይህ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። ፊልሙ የፍላጎት ልዩነትን እንደ ጠላትነት አድርጎ ማቅረቡ ነው የቆዩትን ተመልካቾች ያስቆጣው፤ ቁጣቸውም ትክክል ይመስለናል።

በዚያው በኦታካም ቀን ሌላም ነገር ሆኗል። በኮል ደ ስፓንዴል ቁልቁለት ላይ ፖጋቻር ሲወድቅ ቪንጌጎር ፍጥነቱን ቀንሶ ጠበቀው፤ ሲደርስበትም እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። በዚያ ዓመት ከታየው ሁሉ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። ይህን ለማየት የማንም ጓዳ መከፈት አላስፈለገውም፤ ከሞተር ብስክሌት ላይ የሚቀርጸው የዘወትሩ የቴሌቪዥን ካሜራ ለዓለም ሁሉ በቀጥታ አሳይቶታል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን፣ እስከ መጨረሻው ሳያዩት መተውዎ ያሳዝነናል። ፋቢዮ ያኮብሰን የተባለው ሆላንዳዊ በ2020 ነሐሴ በፖላንድ በተደረገ ውድድር ፍጻሜ ላይ ከመከላከያ አጥር ጋር ተላትሞ ለሞት የሚያሰጋ ጉዳት ደርሶበት ነበር፤ ሐኪሞች በመድኃኒት አስተኝተው ፊቱን ደጋግመው ጠግነውለታል። ይኸው ሰው በ2022 ቱር ሁለተኛ ቀን፣ በዴንማርኳ ኑቦርግ ከተማ፣ ያንኑ አደገኛ የፍጻሜ ሽቅድምድም አሸነፈ። በኋላም በፒሬኔ ተራሮች ላይ ለብቻው እየተንፏቀቀ፣ ከተፈቀደው የመጨረሻ ሰዓት ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ደርሷል። ለማያውቁ አንባቢያን ይህን እናክል፦ በየቀኑ ከአሸናፊው በተወሰነ መጠን የዘገየ ሰው ከውድድሩ ይሰናበታል፤ ስለዚህ አሸናፊው ከተሸለመ በኋላም ከኋላ ያሉት ሌላ የጭንቅ ውድድር ላይ ናቸው። ያኮብሰንን የመሰሉ ሰዎች በራሳቸው አንደበት ስለ ፍርሃት ሲናገሩ መስማት የቀጥታ ስርጭት የማይሰጠን ነገር ነው። ጠቡን ዝለሉትና ሥራውንና ፍርሃቱን ተመልከቱ የምንለው ለዚህ ነው። ሙዚቃው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢቀንሱት ደስ ይለን ነበር።

ጥያቄ፦ በሳቢያን ሱቅ አለኝ። እነዚህ ቡድኖች ስብሰባቸውን፣ ስድባቸውን፣ ሽንፈታቸውን ሁሉ አውጥተው ለዓለም የሚያሳዩት ለምንድን ነው? እኔ በሱቄ ውስጥ ከሠራተኛዬ ጋር ስነጋገር ካሜራ እንዲገባ በገንዘብም ቢሆን አልፈቅድም።

መልስ፦ የእርስዎ ሱቅ ዕቃ ይሸጣል፤ የብስክሌት ቡድን ግን የሚሸጠው ስሙን ብቻ ነው። በኳስ ሜዳ በር ላይ ትኬት ይቆረጣል፤ የቴሌቪዥን ገንዘብም ለክለቦች ይከፋፈላል። የብስክሌት ውድድር የሚካሄደው በአደባባይ መንገድ ላይ ስለሆነ ተመልካቹ የሚከፍለው የለም፤ የቱር ደ ፍራንስ የቴሌቪዥን መብትም የአዘጋጁ ድርጅት የአኤስኦ እንጂ የቡድኖቹ አይደለም። ጠቅላላ አሸናፊው የሚያገኘው 500,000 ዩሮ እንኳ በልማድ ከባልደረቦቹና ከረዳቶቹ ጋር የሚካፈሉት ነው። ስለዚህ ቡድኑ የሚኖረው ስሙን በማሊያው ላይ በሚያስጽፍ ድርጅት ገንዘብ ነው፤ ያ ድርጅት በቃኝ ባለ ቀን ቡድኑ አዲስ ስም መፈለግ አለበት፤ ካጣም ይበተናል። በ2023 የሆነውን ብቻ ብናነሣ በቂ ነው። ዩምቦ ቪስማ የተባለው ቡድን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ የጣልያኑን በሮግሊች፣ የፈረንሳዩን በቪንጌጎር፣ የስፔኑን በሴፕ ኩስ፣ በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ወሰደ፤ ዩምቦ የተባለው የሆላንድ የገበያ አዳራሽ ድርጅት ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ስሙን ከማሊያው ላይ አወጣ። ማሸነፍ ብቻውን የማያኖር ከሆነ፣ መታየት የግድ ይሆናል።

መታየት ደግሞ በውርደትም ይገኛል፤ ይህ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የስፔኑ ሞቪስታር ቡድን ከኔትፍሊክስ ጋር የሠራውና በ2020 የወጣው ተከታታይ የ2019ን ዓመት ይተርካል። ቡድኑ በዚያ ዓመት በኢኳዶራዊው ሪቻርድ ካራፓዝ የጣልያኑን ውድድር አሸንፏል፤ በፈረንሳይ ግን ናይሮ ኪንታናን፣ ሚኬል ላንዳንና አሌሃንድሮ ቫልቬርዴን በአንድ ላይ አሰልፎ ማን መሪ እንደ ሆነ ሳይለይለት ቆይቷል። በዓመቱ መጨረሻም ካራፓዝ፣ ኪንታናና ላንዳ ሦስቱም ቡድኑን ለቀው ሄዱ። ተመልካቾች በቡድኑ ግራ መጋባት ብዙ ሳቁ፤ የሚገርመው ግን እየሳቁ ወደዱት። ሞቪስታር የስልክ ኩባንያ ነው፤ ያን ሰሞን ስሙ ከብስክሌት ወዳጆች አፍ አልወጣም። ተከታታዩም በአንድ ዓመት አላበቃም፤ ቡድኑ ተሳቀብኝ ብሎ በሩን ከመዝጋት ይልቅ በቀጣዩም ዓመት ካሜራውን አስገብቷል። ዩኤኢም ቢሆን በመጀመሪያው ምዕራፍ በሩን መዝጋት የቻለው ገንዘቡ ከመንግሥታዊ ምንጭ የሚመጣ፣ ጋላቢውም ያለ ፊልም የታወቀ ስለሆነ ይመስለናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ በሐረር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር የምንከራከርበት ነገር አለ። እኔ ካሜራ መኝታ ክፍልና ማሸት የሚደረግበት ጠረጴዛ ድረስ ከገባ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም፣ የአበረታች መድኃኒት ዘመንም በዚህ ያበቃል እላለሁ። ትክክል ነኝን?

መልስ፦ ለዚህ መልስ የሚሆነው በ2004 የወጣው የጀርመናዊው ፔፔ ዳንኳርት ፊልም ነው። ዳንኳርት የቴሌኮምን ቡድን ተከትሎ የ2003ን ቱር ቀረጸ፤ ያ ዓመት ውድድሩ በ1903 ከተጀመረ መቶኛ ዓመቱ ነበር። የመረጣቸው ዋና ሰዎች ኤሪክ ዛቤልና ሮልፍ አልዳግ የተባሉ፣ ለዓመታት አንድ ክፍል ሲያድሩ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ካሜራው ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ይገባል፤ ቁስላቸውን ሲታጠቡ፣ ድካማቸውን ሲያወሩ፣ ማሻው ጡንቻቸውን ሲፈታታ ያሳያል። የብስክሌት ወዳጆች ፊልሙን እጅግ ወደዱት። ስለ አሸናፊ ሳይሆን ስለ ሕመምና ስለ ጓደኝነት የተሠራ ነበርና ሊወዱት ይገባ ነበር።

በ2007 ግንቦት ዛቤልና አልዳግ በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ኢፒኦ የተባለውን የተከለከለ መድኃኒት መውሰዳቸውን ተናዘዙ። ዛቤል በዚያ ቀን በ1996 ለአጭር ጊዜ ብቻ ሞክሬው ተውኩት ብሎ ነበር፤ በ2013 ግን ነገሩ ከ1996 እስከ 2003 ድረስ የዘለቀ እንደ ነበር አመነ። ፊልሙ የተቀረጸበት ዓመት እንግዲህ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ካሜራው በዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ግን አላየም።

መምህር ሆይ፣ ከዚህ የምንወስደው ግን ፊልሙ ሐሰት ነበር የሚል አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ ሰውየው በተራራው ላይ የተሠቃየው እውነት ነው፤ ከጓደኛው ጋር የተጨዋወተውም እውነት ነው። የተደበቀው ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ እውነት ጎን ለጎን ይኖር ነበር። ካሜራ በፈቃድ የሚገባ እንግዳ ስለሆነ፣ ሰው ከእንግዳ የሚሰውረውን ከእርሱም ይሰውራል። ስለዚህ የአበረታች መድኃኒትን ጉዳይ ያወጡት የደምና የሽንት ምርመራ፣ የፖሊስ ፍተሻ፣ የምስክሮች ቃልና የጋዜጠኞች ትዕግሥት ናቸው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር አሌክስ ጊብኒ በ2009 የታዋቂውን አሜሪካዊ ጋላቢ የላንስ አርምስትሮንግን ወደ ውድድር መመለስ ሊተርክ ቀረጻ ጀምሮ ነበር፤ የአሜሪካ ፀረ አበረታች መድኃኒት ተቋም በ2012 ጉዳዩን ካጋለጠና አርምስትሮንግም በ2013 ጥር በቴሌቪዥን ካመነ በኋላ ፊልሙ ፈጽሞ ሌላ ታሪክ ሆኖ ወጣ። ዳይሬክተሩ ከሰውየው ጎን ሆኖ ሲቀርጽ ያላገኘውን፣ መርማሪዎች ከሩቅ ሆነው አገኙት።

በዛሬዎቹ ጋላቢዎች ላይ ያለ ማስረጃ ጥርጣሬ መንዛት ተገቢ አይደለም፤ እኛም ያንን አላልንም። የባልደረቦችዎ ክርክር ግን ከእርስዎ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ትምህርት ቤት የምሄደውም በብስክሌት ነው። በፊልሙ ውስጥ የጋላቢዎቹ ሚስቶች ሲያለቅሱ እንጂ ሴቶች ሲጋልቡ አላየሁም። ሴቶች አይወዳደሩም?

መልስ፦ ይወዳደራሉ፤ የፊልሙም ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው። የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ በአዲስ መልክ የተጀመረው ሐምሌ 24 ቀን 2022 ነው፤ ይህም ማለት የወንዶቹ ውድድር ፓሪስ ላይ በተጠናቀቀበት፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ታሪክም በሚያበቃበት በዚያው ቀን ማለት ነው። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆላንዳዊቷ አነሚክ ፋን ፍሉተን ነበረች። የ2024ቱን ብታዪው ደግሞ የትኛውም ደራሲ ሊያስበው የሚከብደው ዓይነት ነው። ዴሚ ፎለሪንግ ቢጫውን ማሊያ እንደ ለበሰች በአምስተኛው ቀን ወድቃ ጊዜ አጣች፤ በመጨረሻው ቀን የአልፕ ዱዌዝን ተራራ ቀድማ ወጥታ አሸነፈች፤ ፖላንዳዊቷ ካሺያ ኔቪያዶማ ግን ከኋላ ሆና ሰከንዶቿን እየቆጠረች ደረሰችና ጠቅላላ ውድድሩን በ4 ሰከንድ በለጠቻት። በወንዶች ታሪክ ትንሹ ልዩነት የ1989ኙ 8 ሰከንድ ነው። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሰዓት ምስል ፈልጊና እዪው፤ አስተያየት ሰጪ ጋዜጠኛም ሆነ ሙዚቃ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ከመጋላ ነው የምጽፍላችሁ። ኤርትራዊው ጋላቢ ቢኒያም ግርማይ ባሸነፈ ጊዜ እኛ ሰፈር የነበረው ደስታ ልክ አልነበረውም። ታዲያ ፈረንጆቹ የእኛን አካባቢ ጋላቢ ታሪክ በፊልም ቢሠሩት በትክክል ይነግሩታል ብላችሁ ታምናላችሁ?

መልስ፦ ሥጋትዎ ይገባናል፤ ከአፍሪካ የተነሣ ጋላቢ ሲያሸንፍ አውሮፓ ውስጥ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከድህነት ወደ ተአምር የሚዘል ነው። የቢኒያም ድል ግን ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። ኤርትራ ውስጥ አገር አቋራጭ የብስክሌት ውድድር ከ1946 ጀምሮ ይታወቃል፤ ከእርሱ በፊትም ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 ቱር ላይ የተራራ ጌቶች የሚለብሱትን ነጠብጣብ ማሊያ ለብሷል። ቢኒያም ራሱ በስዊዘርላንድ በሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማኅበር ማሠልጠኛ ተምሮ ነው ወደ ፕሮፌሽናሉ የገባው። በ2022 መጋቢት የቤልጅየሙን የአንድ ቀን ውድድር ጌንት ቬቬልገምን፣ በግንቦትም የጣልያኑን ውድድር አንድ ቀን አሸነፈ፤ በ2024 ቱር ደግሞ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ፓሪስ ሳይሆን ያን ዓመት ፍጻሜው በተደረገባት ኒስ ተቀበለ። ከእኛም ወገን ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ደግሞ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደምቦባን ይዘው ተወዳድረዋል።

ትክክለኛ ፊልም የሚሠራ ሰው ቢመጣ ከድሎቹ ይልቅ አንድ ውሳኔ ላይ እንዲያተኩር እንመክረው ነበር። ቢኒያም ጌንት ቬቬልገምን ባሸነፈ ማግስት አውሮፓ በሙሉ ሳምንት ቆይቶ በሚደረገው የፍላንደርስ ውድድር ላይ እንዲሰለፍ ይጠብቀው ነበር፤ እርሱ ግን ቀድሞ እንዳቀደው ሚስቱንና ልጁን ለማየት ወደ አስመራ ተመለሰ። ለብዙ አውሮፓዊ ተመልካች ይህ ግራ የሚያጋባ ነበር። ለእኛ ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም፤ ለወራት ከቤተ ሰብ ተለይቶ በባዕድ አገር መሥራት ምን ማለት እንደ ሆነ ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቅ ቤት የት አለ?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የምንገኝ ወጣት ብስክሌተኞች ነን። ወደ ደንገጎ ዳገት የምናደርገውን ልምምድ በስልክ ቀርጸን አጭር ዘጋቢ ፊልም ልንሠራ አስበናል። ከእነዚህ ትልልቅ ፊልሞች የምንማረው ነገር ካለ ንገሩን።

መልስ፦ ካየናቸው ሁሉ ለእናንተ የሚቀርበው በኔትፍሊክስ የወጣው ሳይሆን ዴንማርካዊው ዮርገን ሌት በ1976 የአንድ ቀኑን የፈረንሳይ ውድድር ፓሪስ ሩቤን የቀረጸበት ሥራ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ መንገድ፣ ብዙ ካሜራ፤ በዚያ ቀን ማርክ ደማየር የተባለ ቤልጅየማዊ፣ ሞዘርና ደ ፍላሚንክ የሚባሉትን ታዋቂዎች ቀድሞ አሸነፈ። ሌት ማንንም አላጣላም፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ብስክሌት የሚያስተካክለውን ባለሙያ፣ ቁርስ የሚበላውን ጋላቢ፣ በመጨረሻም አቧራውን ሊያራግፉ ወደ መታጠቢያው ቤት የገቡትን ሰዎች በትዕግሥት አሳየ።

እናንተም አሸናፊያችሁን ብቻ አትከተሉ። ሙቀቱ ሳይበረታ ገና ጎሕ ሲቀድ የምትነሡበት ሰዓት፣ ጎማ የሚነፋላችሁ ልጅ፣ ውኃ ይዞ የሚከተላችሁ ባጃጅ ካለ እርሱ፣ ዳገቱን መጨረስ አቅቶት ዞሮ የወረደውም ልጅ የፊልሙ አካል ይሁኑ። ጋላቢውን ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚያስብ ጠይቁትና ቅረጹ፤ ከወረደ በኋላ ደግማችሁ ጠይቁት። ከዳገቱ በኋላ ብቻ የጠየቃችሁት እንደ ሆነ ሁሉም ነገሩን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል፤ የትልልቆቹም ፊልሞች ደካማ ጎን ይኸው ነው። የሚቀረጽ ሰው ሁሉ ይስማማ፤ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ወላጁ ይስማማ። ስታቀናብሩ ጠዋት የተባለውን ቃል ለማታ ምስል አትለጥፉ፤ ሁለት ጓደኛሞች በልምምድ መካከል ቢነታረኩም ያንን ብቻ ቆርጣችሁ ብታሳዩ በማግስቱ አብራችሁ መጋለብ ይከብዳችኋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ወደ ላይ ሲወጣ ከሞተር ብስክሌት ላይ ሆኖ መቅረጽ ይቻላል፤ የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ከባድ መኪኖች በሚመላለሱበት በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ከጋላቢው ጎን እየነዱ መቅረጽ ፈጽሞ አይሞከር። የሚቀርጸው ሰው ከመታጠፊያው በላይ፣ ከአስፋልቱ ውጭ ባለ ስፍራ ላይ አስቀድሞ ቆሞ ይጠብቅ፤ ስልኩንም ከመጀመሪያው ጋላቢ እስከ መጨረሻው ሳያጠፋ ይያዝ።